የፕላስቲክ ማኒፎልድን በቤት ውስጥ ስለ መሞረድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚሻገር፣ ወይም ከአስኮ ወደ ቡራዩና ወደ ገፈርሳ የሚወጣ ትንሽ አውቶሞቢል፣ አራት ሰውና ጥቂት ዕቃ የጫነ እንደ ሆነ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ነጂው መርገጫውን እስከ ወለሉ ድረስ ቢረግጠውም ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። በዚህ ጊዜ «ሞተሩ አየር አንሶታል» የሚል ምክር መስማቱ አይቀርም፤ ምክሩም ሐሰት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው፣ አየሩ ያነሰው መግቢያው ስለ ጠበበ ነው በሚል አሳብ ባለቤቱ የአየር ማከፋፈያውን፣ በጋራዥ አነጋገር ማኒፎልዱን፣ በገዛ እጁ ፈትቶ ውስጡን በሞረድ ሊያሰፋ ሲነሣ ነው። ይህ ሥራ በእሽቅድድም መኪና አዘጋጆች ዘንድ የቆየና የተከበረ ጥበብ ነው። ነገር ግን ማኒፎልዱ ከብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ፣ መኪናውም የሚነዳው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ እንደ ሆነ፣ ከሥራው የሚገኘው ጥቅም ጥቂት፣ የሚያስከትለው ወጪ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለባለመኪናውም ሆነ ለመለዋወጫ ነጋዴው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አንድ ቪትዝ ወይም ያሪስ በእጁ የያዘ ሰው፣ የያዘውን መጠበቅ እንጂ በሌላ መተካት እንደ ቀድሞው አይቀልለውም። በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለስ ብዙ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ መኪናው ለአንዳንዱ መጓጓዣ፣ ለሌላው የዕለት እንጀራው ነው። እንዲህ ያለው መኪና በአንድ የተበላሸ ማኒፎልድ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ቢቆም ጉዳቱ በዕቃው ዋጋ ብቻ አይለካም።

የዕቃው አሠራር

ማኒፎልድ ማለት ከአየር ማጣሪያው የመጣውን አየር ተቀብሎ ለየሲሊንደሩ የሚያድል ዕቃ ነው። አንድ ማጠራቀሚያ ሣጥንና ከሣጥኑ የሚወጡ ቅርንጫፍ ቧንቧዎች አሉት፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አራት ቅርንጫፍ፣ ባለ ሦስቱ ሦስት ቅርንጫፍ ይኖረዋል። በመግቢያው በኩል፣ ነጂው በእግሩ የሚያዝዘው የአየር መክደኛ፣ መካኒኮች «ትሮትል» የሚሉት፣ ይታሠርበታል። በመውጫው በኩል ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር በብሎን ይጋጠማል፤ በመካከላቸውም አየር ሾልኮ እንዳይገባ ጓርኒሲዮን ይደረጋል።

የቅርንጫፎቹ ርዝመትና ስፋት እንዲያው በግምት የተወሰነ አይደለም። ቫልቩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በቧንቧው ውስጥ ባለው አየር ላይ የግፊት ማዕበል ይነሣል፤ ማዕበሉ ሄዶ ሲመለስ ቫልቩን ክፍት ሆኖ ካገኘው ተጨማሪ አየር ይዞ ይገባል። ይህ መገናኘት በየትኛው የሞተር ዙር ላይ እንዲሆን የሚወስነው በይበልጥ የቧንቧው ርዝመትና ስፋት ነው። ረዥምና ቀጭን ቅርንጫፍ በዝቅተኛ ዙር ይረዳል፤ አጭርና ሰፊው በከፍተኛ ዙር ይረዳል። እንግዲህ ቅርንጫፉን ያሰፋ ሰው በ6,000 ዙር ላይ ጥቂት ጉልበት ቢያገኝ በ2,000 ዙር ላይ ከነበረው ሊያጣ ይችላል። የቤተሰብ መኪና ደግሞ ዕድሜውን የሚጨርሰው በዝቅተኛውና በመካከለኛው ዙር ነው።

የመሞረድ ጥበብ የመጣው ማኒፎልድ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ከቀለጠ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራ ከነበረበት ዘመን ነው። አሸዋው በቧንቧው ውስጥ ሻካራ ገጽ፣ አንዳንድ ጊዜም እባጭ ይተዋል፤ የማኒፎልዱ ቀዳዳና የቴስታታው ቀዳዳ ሲጋጠሙም አንዱ ከሌላው በሚሊሜትሮች ተዛንፎ ይገኛል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ካርቡራተርና የአሉሚኒየም ማኒፎልድ ያላት ናት፤ በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ ትዕግሥት ያለው መካኒክ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እውነተኛ ሥራ ሊሠራ ይችላል። አሉሚኒየሙ ወፍራም ነው፤ እጁ ቢስት እንኳ የተሳሳተው በብየዳ ይሞላል።

የፕላስቲኩ ነገር ከዚህ ይለያል። ናይሎን በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን ብዙው ሰው የሚያውቀው በካልሲና በገመድ ነው። ይኸው ናይሎን የክብደቱን ሢሶ ያህል የመስታወት ቃጫ ሲቀላቀልበት ግን የሞተርን ሙቀትና መንቀጥቀጥ የሚችል ጠንካራ ዕቃ ይወጣዋል። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤም 50 ሞተር ላይ የፕላስቲክ ማኒፎልድ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ይህ አሠራር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በቶዮታ ያሪስና ቪትዝ ላይ ከሚገኙት ሞተሮችም ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ማኒፎልድ ያላቸው ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየም እጅግ ይቀላል፤ የቴስታታውን ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ የሚገባው አየር ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል፤ ለፋብሪካውም ዋጋው ይረክሳል። ለዚህ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው፤ በለዘበ የብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ የሚወጣ ፕላስቲክ ውስጡ ከመጀመሪያው የለዘበ ነው። ሞረዱ ሊያጠፋው የሚመጣው ሻካራነት በዚያ የለም።

ከፍታው የወሰደው

አየሩ በእርግጥ አንሷል፤ የጠፋው ግን በማኒፎልዱ ውስጥ ሳይሆን ገና ወደ መኪናው ሳይደርስ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ሰበታ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ቡራዩ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታም ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ስፍራዎች የሚገኘው ግፊት እንደየከፍታቸው ከ76 እስከ 73 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አንድ 1,500 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 2,250 ሊትር አየር ይስባል፤ ይህ መጠን በጅቡቲ ወደብም ሆነ በሱሉልታ ሜዳ አንድ ነው። ክብደቱ ግን አንድ አይደለም። በደጋው ላይ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ የሚቃጠለው ቤንዚንም በዚያው መጠን መቀነስ አለበት። በፋብሪካው መግለጫ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር በሱሉልታ የሚሰጠው ከ75 ብዙ አይርቅም።

ይህን ከማኒፎልዱ ድርሻ ጋር ማስተያየት ይገባል። ከፍታው የወሰደው ከ25 እስከ 28 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ በደኅና ማኒፎልድ ቅርንጫፎች ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ በሚሮጥበት ጊዜ እንኳ ጥቂት ኪሎፓስካል ብቻ ነው። ከዚያ ከጥቂቱ ላይ በሞረድ ሊመለስ የሚችለው ከፊሉ ነው። መኪናው በዝግታ በሚነዳበት ጊዜማ ነገሩ ጭራሽ ትርጉም ያጣል፤ የአየሩን መንገድ የሚያጠብበው ራሱ መክደኛው ነውና። በአለም ገና የመኪና ሰልፍ ውስጥ ለሚያዘግም ሰው ቅርንጫፉን ማስፋት፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ መተላለፊያውን እንደ ማስፋት ያህል ነው።

በካርቡራተር ዘመን ለደጋ አገር የሚሆን አንድ እውነተኛ ማስተካከያ ነበር፤ ይኸውም የቤንዚን መርጫውን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው፤ አለዚያ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ በዝቶ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል። በኮምፒዩተር በሚታዘዙት ሞተሮች ይህ አያስፈልግም፤ የአየሩን መጠን የሚለካው ዕቃ ከፍታውን ራሱ ተገንዝቦ ቤንዚኑን ይቀንሳል። የጠፋውን ጉልበት በብዛት ሊመልስ የሚችለው አየሩን አፍኖ የሚያስገባ ተርቦ ነው፤ ተርቦ ያላቸው የናፍጣ የጭነት መኪናዎች የከፍታው ጉዳት እምብዛም የማይሰማቸው ስለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አየር ስለማያቃጥል ጉዳዩ ፈጽሞ አይመለከተውም።

ከመፍታት በፊት

ጉልበት ያጠረው መኪና ሁሉ ከፍታ ብቻ አጠረው ማለት ግን አይደለም። በሦስቱም ከተሞች አስፋልት ያልተነጠፈባቸው ብዙ የውስጥ መንገዶች አሉ፤ በበጋ ወራት የሚነሣው አቧራ የአየር ማጣሪያውን በመጽሐፉ ከተጻፈው ጊዜ አስቀድሞ ይደፍነዋል። የተደፈነ ማጣሪያ የሚያስቀረው አየር፣ ሞረድ ሊያስገባ ከሚችለው በብዙ እጅ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ማጣሪያ ዋጋ የሚፈታ ችግር፣ ስንት ብሎን ተፈትቶ፣ ስንት ቱቦ ተነቅሎ በሌላ ቦታ ሲፈለግ ማየት የሚያሳዝን ነው።

ይህን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። በማኒፎልዱ ላይ የግፊት መለኪያ ባለው መኪና፣ ጋራዦች የሚጠቀሙበትን የመመርመሪያ መሣሪያ ሰክቶ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የሚታየው ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ነው። ሱሉልታ ላይ ወደ 73፣ ሰበታ ላይ ወደ 76 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነጻ በሆነ ዳገት ላይ መርገጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ቁጥሩ እንደ ገና ይነበባል፤ ንባቡን የሚያየው ከነጂው አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ሰው መሆን አለበት። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ከማጣሪያው እስከ ማጠራቀሚያው ያለው መንገድ ደኅና ነው። ሰባትና ስምንት ከሆነ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም የአየር ቱቦው ተጨብጧል፣ ወይም መክደኛው በሙሉ አይከፈትም ማለት ነው። መለኪያው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በማጠራቀሚያው ላይ ስለ ሆነ የቅርንጫፎቹን ጉዳይ አይናገርም። ሆኖም የሚበዛው ጉድለት የሚገኘው ከእርሱ በፊት ባለው ክፍል ነው።

ሊሞረድ የሚችለውና የማይነካው

ማኒፎልዱ መፈታቱ ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጓርኒሲዮን ለመለወጥ ወይም ጥላሸት ለማጠብ፣ በዚያው አጋጣሚ ጥቂት የማለስለስ ሥራ ቢሠራ የሚነቀፍ አይደለም። ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የግድግዳው ውፍረት መታወቅ አለበት። የፕላስቲክ ማኒፎልድ ግድግዳ በአብዛኛው ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር የሞረደ ሰው የግድግዳውን ሢሶ ወይም ከዚያ በላይ አነሣ ማለት ነው። ይህም ግድግዳ ከውስጥ በኩል ሞተሩ የሚስበውን፣ ከውጭ በኩል የአየሩን ግፊት፣ ዘወትርም መንቀጥቀጥን ይሸከማል። አልፎ አልፎ ደግሞ የቤንዚን ጭጋግ በማኒፎልዱ ውስጥ ተቀጣጥሎ ወደ ኋላ የሚተኩስበት ጊዜ አለ፤ ጤነኛው ግድግዳ ይህን ሊችል ሲችል የሳሳው ይፈነዳል።

ሁለተኛው አስጊ ስፍራ መጋጠሚያው ነው። ብዙዎቹ የፕላስቲክ ማኒፎልዶች ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ቅርፊቶች በኃይል እየተፋተጉ በፍትጊያው ሙቀት ቀልጠው የተጣበቁ ናቸው። በዚህ ምክንያት በቧንቧው ውስጥ እንደ ስፌት የሚታይ ቀጭን መስመር፣ ከአጠገቡም ተጨምቆ የወጣ የፕላስቲክ ትርፍ ይገኛል። በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ ወይም እንደ ክር የተንጠለጠለ ትርፍ ካለ በቢላ ጫፍ ተቆርጦ መነሣቱ መልካም ነው። ስፌቱን ራሱን መሞረድ ግን የተከለከለ መሆን ይገባዋል፤ ቅርፊቶቹን የያዛቸው እርሱ ነውና።

ሦስተኛው፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካውና መንካት ያልነበረበት፣ ከቴስታታው ጋር የሚገናኘው አፍ ነው። በፕላስቲክ ማኒፎልድ ላይ ጓርኒሲዮኑ እንደ ወረቀት ሉክ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ላስቲክ ነው። በቦዩና በቀዳዳው መካከል ያለው ከንፈር ቀጭን ነው። ቀዳዳውን ለማስፋት ከንፈሩ የተሞረደ እንደ ሆነ ላስቲኩ የሚደገፍበት ያጣል፤ ሞተሩ ሲስብም ወደ ውስጥ ይጎተታል። ከዚያ በኋላ ሳይለካ የሚገባው አየር የሞተሩን ሥርዓት ያፋልሰዋል።

በዚህ ስፍራ ብዙ መካኒኮች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ በጥቂቱ ጠበብ ያለ እንደ ሆነ፣ አየሩ ከጠባብ ወደ ሰፊ ስለሚያልፍ የሚጋጨው ነገር የለም፤ እንዲያውም ቫልቩ ሲዘጋ ወደ ኋላ የሚመለሰውን አየር ያ ትንሽ ደረጃ ይገታዋል። የማኒፎልዱ ቀዳዳ ሰፋ ያለ እንደ ሆነ ግን አየሩ በቴስታታው ጠርዝ ላይ ይላተማል። ስለዚህ ቴስታታውን ሳይነካ ማኒፎልዱን ብቻ ያሰፋ ሰው ቀድሞ ያልነበረ መሰናክል በገዛ እጁ ሠራ ማለት ነው። የቀዳዳዎቹን ልክ ለማወቅ በካርቶን ላይ የቴስታታውን ቀዳዳና የብሎኖቹን ቦታ ነድፎ ከማኒፎልዱ አፍ ጋር ማስተያየት ይበቃል። የሚሞረደው፣ ማኒፎልዱ ወደ ቀዳዳው መሐል ያለ አግባብ ገብቶ የተገኘበት እባጭ ብቻ ነው፤ እርሱም ከንፈሩ ሳይነካ።

ሥራው የሚሠራው በእጅ ነው። ትራፓኖ ላይ የተሰካ ድንጋይ በፍጥነት ሲዞር ናይሎኑን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ናይሎን ደግሞ አይሞረድም፤ ይለጠልጣል፣ ከድንጋዩም ላይ ይጣበቃል፣ ድንጋዩም ድንገት ነክሶ ግድግዳውን ይቦረቡረዋል። በጣት ወይም በክብ እንጨት ላይ የተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየራሰ፣ መጀመሪያ ቁጥር 180 ቀጥሎ ቁጥር 320፣ ለዚህ በቂ ነው። እንደ መስታወት እስኪያበራ ማሸት ጊዜ ማባከን ነው። ውሃው የሚፈለገው ለሌላም ምክንያት ነው፤ ከፕላስቲኩ ጋር የሚነሣው የመስታወት ቃጫ በደረቁ ከተነፈሰ ሳንባን፣ ከቆዳ ላይ ካረፈም ቆዳን ይቆጠቁጣል፤ ጭምብልና ጓንት ሊዘነጉ አይገባም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራም አይደለም።

ስለ አጥበቱ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ላስቲኮቹና መለኪያዎቹ ሁሉ ይነሣሉ፤ የነዳጅ ውጤቶች ላስቲክን ያሳብጣሉና። ከሞተሩ ዘይት ተን የመጣው ጥቁር ቅባት በነጭ ጋዝ ይለቅቃል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። የባትሪ አሲድም ሆነ ሌላ አሲድ ናይሎንን ስለሚበላ ወደዚህ ሥራ መቅረብ የለበትም። ታጥቦ ለአንድ ቀን ከደረቀ በኋላ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ በመብራት ይታያል። አንዲት የቀረች ፍንካች መንገዷ ወደ ቫልቩና ወደ ሲሊንደሩ ነው። ማኒፎልዱ በተፈታበት ጊዜ ሁሉ የቴስታታው ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ተወትፈው መቆየት አለባቸው፤ ጨርቆቹም ሲወተፉ ተቆጥረው፣ ሲወጡም ሊቆጠሩ ይገባል። የወደቀች አንዲት ዳዶ ሙሉ ሞተር አስፈርሳ ታውቃለች።

ከመግጠሙ በፊት አየር ማፍሰሱ ይመረመራል። ቀዳዳዎቹ ከላሜራና ከላስቲክ በተሠራ መክደኛ ተዘግተው ጥቂት አየር ይሞላል፤ በስፌቱ ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋ የሚያወጣ ስፍራ ካለ ያ ስፍራ ያፈሳል። ግፊቱ ከሩብ ባር እንዳይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር የሚሰጠው ከዚህ ብዙ ጊዜ እጥፍ ስለ ሆነ፣ ማኒፎልዱ ሊፈነዳና አጠገብ ያለውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። የገላጋይ መለኪያ የሌለው ቤት ኮምፕሬሰሩን ትቶ በብስክሌት መንፊያ ቢሞላ ይሻለዋል። ቀጥሎ አዲስ ላስቲክ ገብቶ ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ ለሞተሩ በተጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። በኃይል የጠበቀ ብሎን ብረትን ሊያረጋጋ ይችላል፤ ፕላስቲክን ግን ይሰነጥቃል።

ሞተሩ ተነሥቶ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ላይ ሲቆም ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም በቀጭኑ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም የሞተሩ ምልክት መብራት ከበራ፣ አንድ ስፍራ አየር እየሾለከ ነው። ሾልኮ የገባው አየር ስላልተለካ ቤንዚኑ ያንሳል፤ በቤንዚን እጥረት ለረዥም ጊዜ የሠራ ሞተርም ይሞቃል። አንዳንድ ሰው ፍሳሹን ለማግኘት በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫል። እሳት ለመነሣት ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

የተሰነጠቀ ማኒፎልድና የነጋዴው ድርሻ

ስንጥቅ ከተገኘ ብዙው ሰው የሚሮጠው ወደ ሙጫ ነው። ናይሎን ግን ሙጫን እምብዛም አይቀበልም፤ ኢፖክሲ ለጊዜው ቢይዝም በሙቀትና በመንቀጥቀጥ ተላቅቆ ቁራጩ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። የተሻለው መንገድ ከአንድ ዓይነት ናይሎን በተሠራ ዘንግ በሙቀት መበየድ ነው፤ ይህም ልምድ ይጠይቃል፤ በስፌት ወይም በላስቲኩ ቦይ ላይ የደረሰ ስንጥቅም ቢበየድ አያስተማምንም። የሞተሩ ውሃ በውስጡ የሚያልፍበት ማኒፎልድ እንደ ሆነ ጥንቃቄው ይብሳል። ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በ4.6 ሊትር ሞተሮቹ ላይ ያደረገው ሙሉ የፕላስቲክ ማኒፎልድ ውሃው በሚያልፍበት በፊት ክፍሉ በኩል እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ፣ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በኋላም ያ ክፍል በአሉሚኒየም ተተካ። በዓለም የታወቀ ፋብሪካ ያደረገው የፕላስቲክ ግድግዳ በዚያ ስፍራ ካልቻለ፣ በቤት ውስጥ የሳሳው ይችላል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው።

በሦስቱ ከተሞች የሚገኙ ጋራዦችና መለዋወጫ ሻጮች ከዚህ ጉዳይ ገበያ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ገበያው ግን ማኒፎልድ በማስፋት አይደለም። መክደኛውንና ማኒፎልዱን ማጠብ፣ የደረቀ ላስቲክ መለወጥ፣ አየር ማፍሰሱን መመርመርና በመሣሪያ አንብቦ ለደንበኛው ቁጥሩን ማሳየት ብዙ ካፒታል የማይጠይቅ ሥራ ነው። የላስቲኮቹ ዋጋ ከማኒፎልዱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለ ሆነ፣ ለተለመዱት የቶዮታ ሞተሮች የሚሆኑትን በየልካቸው አስቀምጦ መሸጥ የሚያዋጣ ይመስላል። ደንበኛው ስለ ጉልበት ቢጠይቅ፣ መኪናው ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ኃይል በሱሉልታ ከፍታ ላይ እንደማይመለስ በግልጽ መንገር የሻጩን ስም ያስከብራል እንጂ አያጎድልም።

አዲስ ማኒፎልድ ማግኘት ያልቻለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ሶማሌ ተራ፣ ከፈረሱ መኪናዎች የወጣ ዕቃ ፍለጋ ነው። በዚያ ሲገዛ የሞተሩን ቁጥር ይዞ መሄድ ይገባል፤ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ማኒፎልዶች በመለኪያ ቦታና በብሎን ርቀት ሊለያዩ ይችላሉና። ቀጥሎ ዕቃውን ወደ ፀሐይ አዙሮ በስፌቱ ዙሪያ የጥቁር ዘይት መስመር መኖር አለመኖሩን ማየት ነው፤ መስመሩ ካለ ዘይት ያዘለ አየር በዚያ ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሉት የብረት ቀለበቶች ሁሉ በቦታቸው መሆን አለባቸው። በመጨረሻም ጣትን ወደ እያንዳንዱ አፍ አስገብቶ የላስቲኩን ቦይ ከንፈር መዳሰስ ነው፤ ከንፈሩ ሳስቶ ወይም የሞረድ ጭረት ተገኝቶበት እንደ ሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ዕቃውን ለሻጩ መመለስ ይሻላል።